የመዳብ መስመር ስልክ ወይስ የኢንተርኔት ጥሪ? ለሰሜን ሸዋ ቤቶችና ድርጅቶች የንጽጽር መመሪያ

ፋይበር፣ ማለትም ኢንተርኔትን በብርሃን የሚያመጣው የመስታወት ገመድ፣ በተዘረጋበት ሰፈር ሁሉ አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ የድሮውን የመስመር ስልክ ለኦፕሬተሩ እንመልሰው ወይስ ይቆይ? አንዱ «ዛሬ ማን በመስመር ይደውላል፣ ሁሉም ዋትስአፕ ላይ ነው» ይላል። ሌላው «መብራት ሲጠፋ የሚሠራልኝ እሱ ብቻ ነው» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ የሚያወሩት ግን ስለ አንድ ነገር አይደለም።

«የኢንተርኔት ጥሪ» የሚለው ስም ሁለት የተለያዩ አገልግሎቶችን አንድ ላይ ጠቅልሎ ይዟል። የመጀመሪያው ቁጥር ያለው ነው። የፋይበር ራውተሩ ጀርባ ላይ ባለችው የስልክ ቀዳዳ የተለመደው የጠረጴዛ ስልክ ይሰካል፤ ድምፁ በኢንተርኔት አሠራር ይጓዛል፤ ደዋዩ ግን እንደ ወትሮው ቁጥሩን መትቶ ያገኝዎታል። ሁለተኛው ቁጥር የሌለው ነው፦ ዋትስአፕ፣ ቴሌግራም፣ ኢሞ፣ ቦቲም። እነዚህ የሞባይል ቁጥርዎን ለመታወቂያ ይወስዱታል እንጂ ከመደበኛ ስልክ የሚደወል ጥሪ ወደ እነሱ አይገባም። ስለዚህ እዚህ የምንመዝናቸው አማራጮች ሦስት ናቸው፦ የመዳብ መስመር፣ በፋይበር ላይ የሚሰካ የመስመር ስልክ፣ እና የመተግበሪያ ጥሪ። የቢሮ የኢንተርኔት ስልክ ለብቻው አጭር ክፍል አለው።

## መመዘኛዎቹ

አማራጮቹን ከማየት በፊት እነዚህን ጥያቄዎች ለራስዎ ይመልሱ። የሚበዛው ስህተት የሚፈጠረው በወርኃዊ ክፍያ ብቻ ሲወሰን ነው።

1. መብራት ሲጠፋ ስንት ሰዓት መሥራት አለበት? ለፋርማሲና ለክሊኒክ መልሱ «ሁልጊዜ» ነው፤ ለልጆች ወሬ ግን ሁለት ሰዓት ቢቋረጥ ምንም አይደል።
2. ማን ነው የሚደውልልዎ? ዘመድ ብቻ ወይስ ቁጥርዎን ከደረሰኝ ላይ ያነበበ እንግዳ ሰው?
3. በክረምት እንዴት ይሆናል? በደጋው ሐምሌና ነሐሴ ዝናብና መብረቅ አይለዩም።
4. ሲበላሽ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በራስዎ መለየት ይችላሉ?
5. በወር ጠቅላላ ስንት ያስወጣል? ባትሪውና ዳታው ተደምሮ ማለት ነው።
6. ከመስመሩ ጋር የተያያዘ ሌላ ዕቃ አለ? ፋክስ፣ የማንቂያ ደወል፣ የቢሮ ኤክስቴንሽን ማዞሪያ።

ከሁሉም የሚበልጠው የመጀመሪያው ነው። በሰሜን ሸዋ ከተሞች የመብራት መቋረጥ የሚታወቅ ነገር በመሆኑ ምርጫው መጀመር ያለበት ከእሱ ነው።

## የመዳብ መስመር

ይህ ስልክ ግድግዳ ላይ መብራት አይፈልግም። ከማዞሪያ ጣቢያው የሚመጡት ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ድምፅ ብቻ ሳይሆን ኃይልም ይዘው ይመጣሉ፦ እጀታው ተቀምጦ ሳለ ወደ 48 ቮልት ቀጥታ ኤሌክትሪክ፣ እጀታው ሲነሳ ወደ 5 – 12 ቮልት ይወርዳል፣ በመስመሩ የሚፈሰውም በአብዛኛው ከ20 እስከ 40 ሚሊ አምፔር ነው። ኃይሉ የሚመነጨው ከጣቢያው ትላልቅ ባትሪዎች ሲሆን ከኋላቸው ጄኔሬተር ይቆማል። ከተማው ሲጨልም ስልኩ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ቤት የሚሳሳትበት ነገር አለ። ገመድ አልባ እጀታ ያለው የቤት ስልክ ማስቀመጫው ግድግዳ ላይ ስለሚሰካ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይሞታል። መስመሩ ሕያው ሆኖ ሳለ «ስልኩም ጠፋ» ይባላል። የመዳብ መስመር የሚያቆይ ሰው ቢያንስ አንድ ባለገመድ ተራ ስልክ ከመስመሩ ላይ ሳይነቅል ሊተው ይገባል። በዚሁ መስመር ላይ ኤዲኤስኤል ኢንተርኔት ካለም ሞደሙ ይጠፋል፣ ድምፁ ግን ይቀጥላል።

የድምፁ ጥራት የታወቀ ነው፤ ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ያሳልፋል። ሰፊ አይደለም፣ ነገር ግን አይቆራረጥም፣ አይዘገይም። ጆሮ ለደከመባቸው አረጋውያን ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ መዘግየት የሌለበት ወሬ ሁለት ሰው እኩል ሲናገር አይጋጭም።

ድክመቱ ርቀትና ውኃ ነው። 0.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ ሄዶ መለስ በአንድ ኪሎ ሜትር ወደ 280 ኦም ይቃወማል፤ 0.5 ሚሊ ሜትሩ ወደ 180። ስለዚህ ከጣቢያው 4 ወይም 5 ኪሎ ሜትር በወጣ ቤት ድምፁ ይደክማል፣ ኤዲኤስኤሉ ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ይንገዳገዳል። ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ ከጣቢያው አጠገብ እስከ 24 ሜጋ ቢት በሰከንድ ማውረድ ይችላል፤ ከተማ ጠርዝ ላይ ግን ከዚያ ትንሹን ክፍል ብቻ ያገኛሉ። መዳብ የከተማ ነገር ነው የሚባለውም በዚህ ነው፦ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ ከከተማው ወጥቶ ገጠር ቀበሌ ድረስ ግን አይዘልቅም።

### መዳቡ ሲበላሽ

ድምፁ ራሱ በሽታውን ይናገራል።

ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚንጣጣ መስመር ውኃ የገባበት መጋጠሚያ አለው፤ ፀሐይ ሲወጣ ደርቆ ይድናል፣ ስለዚህ ሠራተኛ ሲመጣ ምንም አይገኝበትም። በዘነበ ዕለት ማመልከትና «የሚንጣጣው ሲዘንብ ነው» ብሎ ማስመዝገብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የማያቋርጥ «ምምም» የሚል ድምፅ ካለ ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱ መሬት ነክቷል፣ ወይም መስመሩ ከመብራት ገመድ ጋር ተጠግቶ ይሄዳል። የሌላ ሰው ወሬ የሚሰማ ከሆነ በኬብሉ ውስጥ የሁለት ጥንዶች ሽፋን ተልጧል። አንዴ ጮሆ ዝም የሚል ስልክ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሾልክ መስመር አለው፤ ጣቢያው የሾለከውን ኤሌክትሪክ እጀታው የተነሳ አድርጎ ስለሚቆጥረው መጥራቱን ያቆማል።

ፍተሻው እንዲህ ነው፦

1. ሞደሙንና ስልኮቹን ሁሉ ይንቀሉ። ደህና መሆኑ የሚታወቅ አንድ ባለገመድ ስልክ መስመሩ ወደ ቤት በሚገባበት የመጀመሪያ ሶኬት ላይ ይሰኩ።
2. ጥርት ያለ ከሆነ ጥፋቱ ከቤት ውስጥ ነው። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ይመልሱ፤ ድምፁን ያበላሸው ይታወቃል። ኤዲኤስኤል ባለበት ቤት እያንዳንዱ ስልክ ስፕሊተር ወይም ማጣሪያ ያስፈልገዋል፤ አንዱ ሲረሳ መስመሩ ይንሿሿል፣ ኢንተርኔቱም ይቆራረጣል።
3. አሁንም የሚንጣጣ ከሆነ ጥፋቱ ከውጭ ነው። መልቲሜትር ካለ ቀጥታ ኤሌክትሪክ ላይ አድርገው ይለኩ። ወደ 48 ቮልት ጤና ነው፤ ዜሮ ከሆነ መስመሩ ተቆርጧል ወይም ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል፤ ሁሉም ዕቃ ተነቅሎ 20 ወይም 30 ቮልት ብቻ ካሳየ እያሾለከ ነው።
4. ውጤቱን ይዘው ወደ ኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞች አገልግሎት 994 ይደውሉ።

ሲለኩ ሽቦውን በባዶ እጅ አይያዙ፤ ጥሪ ሲገባ ከ75 እስከ 90 ቮልት ተለዋጭ ኤሌክትሪክ ይመጣል፣ ያማል። ሰማይ በሚያጉረመርምበት ሰዓት ደግሞ ጨርሶ አይንኩት። ከምሰሶ ወደ ምሰሶ የተሳበ መዳብ መብረቅ ሲወድቅ የተነሳውን ኤሌክትሪክ ወደ ቤት ይዞ ይገባል። ለዚህ የመከላከያ ፊውዝ ሳጥን አለ፤ የሚሠራው ግን የመሬት ሽቦው በደንብ ከተቀበረ ብቻ ነው። ሳጥኑ ተሰቅሎ የመሬት ሽቦው ተቆርጦ የተንጠለጠለ ከሆነ መከላከያ የለዎትም። በነሐሴ ማዕበል ሲጀምር ሞደሙን ከመብራቱም ከስልኩም መንቀል ርካሹ መድኃኒት ነው።

አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት፦ መዳብ ወደፊት የሚሰፋ መረብ አይደለም። በብሪታንያ የመዳቡ ስልክ መረብ እ.ኤ.አ. ጥር 2027 ላይ እንዲዘጋ ቀነ ገደብ ተቆርጦለታል። እኛም ዘንድ አዲስ የሚዘረጋው ፋይበር ነው። ጤነኛ መስመር ያለው ሰው ቢያቆየው ያዋጣዋል፤ ከዜሮ ተነስቶ አዲስ መዳብ ለማስገባት መሯሯጥ ግን አያዋጣም።

## በፋይበር ላይ የሚሰካ የመስመር ስልክ

ያው የጠረጴዛ ስልክ ነው፣ ያው አደዋወል ነው። ልዩነቱ ስልኩን የሚመግበው ራውተሩ መሆኑ ላይ ነው። ራውተሩ በመብራት ስለሚሠራ መብራት ሲሄድ ስልኩም ይሄዳል። ይህን ብቻ አይተው «ፋይበር አይሆንም» የሚሉ አሉ፤ ግማሹን ብቻ ነው ያዩት።

በጣቢያውና በቤትዎ መካከል ያለው የፋይበር መስመር ኃይል አይፈልግም። ብርሃኑን ለየቤቱ የሚከፋፍለው ሳጥን ውስጥ ያለው መስታወት ብቻ ነው፣ መብራት የሚያስፈልገው ነገር የለበትም። ስለዚህ ጣቢያው በባትሪና በጄኔሬተር ከቆመ የሚቀረው የእርስዎ ራውተር ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ትንሽ ባትሪ ያቆመዋል። የሞባይል ማማ ከዚህ ይለያል። እያንዳንዱ ማማ የራሱን ባትሪ ይፈልጋል፤ መብራት ረጅም ሰዓት ሲጠፋ የማማው ባትሪ አልቆ አካባቢው ሁሉ ከኔትወርክ ይወጣል።

### የባትሪው ስሌት

የራውተሩን አስማሚ (አዳፕተር) ጀርባ ያንብቡ። «12 ቮልት፣ 1 አምፔር» ካለ ከፍተኛው ፍጆታው 12 ዋት ነው፤ በተለመደ ሥራ 10 ዋት ብለው ይያዙ።

ገበያ ላይ ያለው የራውተር ባትሪ ብዙ ጊዜ 8,800 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይላል። ይህ የሚቆጠረው በ3.7 ቮልት እንጂ በ12 አይደለም። 8.8 ሲባዛ በ3.7 ወደ 32 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ በመቀየር የሚጠፋው 15 በመቶ ሲቀነስ 27 ገደማ ይቀራል። ለ10 ዋት ሲካፈል ከሁለት ሰዓት ተኩል ትንሽ ይበልጣል። ሻጩ «ስምንት ሰዓት ይሠራል» ቢልዎ ይህን ስሌት ከፊቱ ይሥሩት።

ከዚያ በላይ ለሚፈልግ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። ዕድሜው እንዲረዝም ግማሹን ብቻ መጠቀም ይገባል፤ ያ ወደ አራት ሰዓት ነው። ባትሪው ሲሞላ እስከ 13.8 ቮልት ስለሚደርስ ከራውተሩ በፊት 12 ቮልት የሚያረጋጋ መሣሪያ ይግባ። ለኮምፒውተር የሚሸጠውን ትልቁን ዩፒኤስ ለራውተር ብቻ መግዛት ብክነት ነው፤ ወደ 220 ቮልት ለውጦ መልሶ ወደ 12 ሲያወርድ ኃይሉን ራሱ ይበላዋል። የደብረ ብርሃን ብርድም ይቆጠር፦ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የእርሳስ ባትሪ ከተጻፈበት ያነሰ ይሰጣል፣ ስለዚህ በረንዳ ላይ አይቀመጥ።

### ፋይበሩ ሲበላሽ

የራውተሩን መብራቶች ማንበብ ይበቃል። የብርሃን ምልክት መጥፋቱን የሚያሳየው መብራት ቀይ ከሆነ ብርሃን አልደረሰም፤ ገመዱ ተቆርጧል ወይም በጣም ታጥፏል። የመስመር ምዝገባ መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ብርሃኑ ደርሷል፣ ጣቢያው ግን መሣሪያውን አልመዘገበውም። ሁለቱም ደህና ሆነው የስልኩ መብራት ብቻ ከጠፋ ችግሩ የስልክ ቁጥሩ ቅንብር ላይ ነው፤ ይህን የሚያስተካክለው ኦፕሬተሩ ነው፣ ራውተሩን ፋብሪካ ቅንብር ላይ መመለስ ደግሞ ያባብሰዋል፤ ቅንብሩ አብሮ ይጠፋልና።

ለገጠማ የመጣውን ባለሙያ የብርሃኑን መጠን ለክቶ እንዲያሳይዎ ይጠይቁት። ከ−15 እስከ −25 ዲቢኤም (የብርሃን ኃይል መለኪያ) ደህና ነው፤ −27ን ሲያልፍ ዛሬ ቢሠራም ነገ ይቆማል። ገመዱ ከ3 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ክብ አይጠፍ፣ በር አይጭነቀው፣ አይጥ ከሚመላለስበት ጣሪያ በቱቦ ይለፍ። መብረቅን በተመለከተ መስታወቱ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ነገር ግን ከምሰሶ የሚሳበው ገመድ ለጥንካሬ የብረት ሽቦ ሊኖረው ይችላል፤ ብረቱ ከቤት ውጭ ተለይቶ መታሰር አለበት፣ ራውተሩ ድረስ አይግባ። በመብራት አስማሚው በኩል የሚመጣው አደጋ ግን እንዳለ ነው።

ፋክስ ያለበት ቢሮ እዚህ ይፈተናል። የድምፅን ዳታ ለመጭመቅ የተሠራ አሠራር የፋክስን ድምፅ ያበላሻል። ኦፕሬተሩ ፋክስን የሚደግፍ ቅንብር እንዲያበራ ማድረግ፣ ማሽኑን ወደ 9,600 ቢት በሰከንድ ፍጥነት ዝቅ ማድረግና የስህተት ማረሚያውን ማጥፋት ብዙ ጊዜ ይረዳል።

## የመተግበሪያ ጥሪ

ውጭ አገር ያለ ዘመድ ላለው ቤተሰብ ከዚህ የሚወዳደር የለም። በመደበኛ ዓለም አቀፍ ጥሪ ደቂቃ የሚቆጠርበት ወሬ እዚህ በዳታ ብቻ ይሄዳል።

ስንት ዳታ? በኢንተርኔት ስልክ ዓለም የታወቀው ያልተጨመቀ ድምፅ በሰከንድ 64 ኪሎ ቢት ነው፤ ማሸጊያው ሲጨመር በእያንዳንዱ አቅጣጫ ወደ 87 ይደርሳል። መሄዱና መምጣቱ ሲደመር በደቂቃ 1.3 ሜጋ ባይት፣ በሰዓት 78 ገደማ ይሆናል። በጣም የተጨመቀው ደግሞ በሰዓት 28 ገደማ ነው። መተግበሪያዎቹ እንደ ኔትወርኩ ሁኔታ መጭመቂያውን ይቀያይራሉ። ለዕቅድ ትልቁን ይያዙ፦ በቀን ግማሽ ሰዓት የሚያወራ ሰው በወር 1.2 ጊጋ ባይት ይበቃዋል። ቪዲዮ ሲከፈት ይህ ስሌት ይፈርሳል፤ ጥቅሉ ቶሎ አለቀ የሚል ሰው መጀመሪያ ቪዲዮውን ያጥፋ። ዋትስአፕ ቅንብር ውስጥ ደግሞ «ለጥሪ አነስተኛ ዳታ ተጠቀም» የሚል ምርጫ አለ።

ድምፁ የሚበላሸው በዳታ ማነስ አይደለም ማለት ይቻላል፤ በመዘግየትና በመቆራረጥ ነው። ድምፁ በ20 ሚሊ ሰከንድ እየተቆራረሰ በሰከንድ 50 እሽግ ይላካል። አንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊ ሰከንድ በታች ከደረሰ ጆሮ አያውቀውም፤ ወደ 400 ሲጠጋ ሁለቱም ሰዎች እኩል እየጀመሩ እኩል ያቆማሉ። ከእሽጎቹ አንድ በመቶ በላይ ሲጠፋ ቃላት ይበላሉ።

በኤዲኤስኤል ቤት ዋናው ጠላት መላኪያው ነው። ማውረጃው 4 ወይም 8 ሜጋ ቢት ሆኖ መላኪያው ከ1 ሜጋ ቢት ብዙም አያልፍም። አንድ ልጅ ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ መጫን ሲጀምር ያቺ ጠባብ በር ትሞላለች፣ የእናት ድምፅ ከኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል። ይህን ለማረጋገጥ የፒንግ (የምልልስ መዘግየት) መለኪያ መተግበሪያ ይጫኑ፤ ቤቱ ጸጥ ባለበትና ቪዲዮ እየተጫነ ባለበት ሰዓት ይለኩ። ሁለተኛው ከ300 ሚሊ ሰከንድ ካለፈ ምክንያቱ ተገኘ። መፍትሔው ራውተሩ ላይ ለጥሪ ቅድሚያ መስጠት ወይም የእያንዳንዱን ስልክ የመላኪያ ፍጥነት መገደብ ነው።

ጥሪ ሳይጮህ «ያመለጠ ጥሪ» ብቻ የሚመጣበት ስልክ ብዙ ጊዜ ባትሪ ቆጣቢው መተግበሪያውን አስተኝቶት ነው፤ በስልኩ የባትሪ ቅንብር ውስጥ መተግበሪያውን ያለ ገደብ እንዲሠራ ይፍቀዱለት።

ከዓረብ አገር ለሚጠበቅ ጥሪ መተግበሪያውን የሚመርጠው አገሩ ነው። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የዋትስአፕ ድምፅ ጥሪ የተገደበ ነው፣ ቦቲም ግን ይሠራል። ልጅ ከመጓዟ በፊት ሁለት መተግበሪያ በእናቷ ስልክ ላይ ጭና፣ አሠራሩን አሳይታ ብትሄድ በኋላ ከሚመጣ ጭንቀት ትገላገላለች።

አሁን ወደ ከባዱ ድክመት። እነዚህ መተግበሪያዎች ወደ 991 ፖሊስ ወይም ወደ 907 ቀይ መስቀል አምቡላንስ አይደውሉም። በሞባይል ዳታ ላይ ብቻ የቆመ ቤት ደግሞ ዳታው ሲቋረጥ ጭር ይላል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ በዚያ ጊዜ መደበኛ የድምፅ ጥሪና የመስመር አገልግሎት ዋጋቸው ምን ያህል እንደሆነ ታይቷል። የመሬቱ አቀማመጥም አለ፦ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲወርዱ፣ በጀማ ሸለቆ፣ በመንዝ ገደላገደል ሥር ያለ ቤት ማማው ቅርብ ቢሆንም ተራራው ይጋርደዋል። እዚያ ዳታ ሳይገባ መደበኛ ጥሪ የሚያልፍበት ቦታ አለ።

## የቢሮ የኢንተርኔት ስልክና ሕጉ

ስድስት ሰባት ኤክስቴንሽን ያለው ሆቴል ወይም ትምህርት ቤት የድሮውን የውስጥ ማዞሪያ ወደ ኢንተርኔት ስልክ ሲቀይር በኔትወርክ ገመድ ብቻ ሁሉን ማገናኘት ይችላል። እያንዳንዱ ወደ ውጭ የሚሄድ ጥሪ በእያንዳንዱ አቅጣጫ 100 ኪሎ ቢት ይያዝለት፤ አምስት ጥሪ በአንድ ጊዜ ከሆነ የመላኪያ ግማሽ ሜጋ ቢት ለእሱ ብቻ ይጠበቅ። የኔትወርክ ማከፋፈያው፣ ራውተሩና ማዞሪያው ሁሉም ባትሪ ላይ ካልሆኑ አንዱ ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ቁጥሩ ከየት ይመጣል በሚለው ላይ ነው። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን በእስራት የሚያስቀጣ አድርጎታል፣ አገልግሎቱን የሚያገኘውንም ሰው ይመለከታል። በኋላ የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ዘርፉን ፈቃድ ላላቸው ኦፕሬተሮች ከፍቷል። ተግባራዊ ትርጉሙ ይህ ነው፦ ቁጥር ያለው የኢንተርኔት ስልክ ፈቃድ ካለው ኦፕሬተር ብቻ ይውሰዱ። «የውጭ ጥሪ በርካሽ አስገባልሃለሁ» የሚል ሰው ሲም ካርድ የሚደረድር ሳጥን ቤትዎ ውስጥ እንዲያስቀምጥ አይፍቀዱ፤ ተጠያቂው ሳጥኑ የተገኘበት ቤት ነው።

## በአጭሩ ሲታይ

| መመዘኛ | የመዳብ መስመር | ስልክ በፋይበር ላይ | የመተግበሪያ ጥሪ |
|---|---|---|---|
| መብራት ሲጠፋ | ይሠራል፣ ባለገመድ ስልክ ከሆነ | በባትሪ 2 – 4 ሰዓት | ስልኩ ቻርጅ እስካለውና ማማው ወይም ራውተሩ እስከቆመ |
| እንግዳ ደዋይ | ያገኝዎታል | ያገኝዎታል | መተግበሪያው ከሌለው አያገኝዎትም |
| 991 እና 907 | ይደውላል | ይደውላል፣ ራውተሩ በርቶ ከሆነ | አይደውልም |
| መዘግየት | የለም ማለት ይቻላል | ትንሽ | እንደ ኔትወርኩ |
| በዝናብ | መጋጠሚያው ውኃ ይጠጣል | አይነካውም | ኤዲኤስኤልና ማማው ላይ ይወሰናል |
| በመብረቅ | ተጋላጭ | በመብራት አስማሚው በኩል ብቻ | ቤት ውስጥ ራውተሩ |
| የውጭ አገር ጥሪ | ውድ | ውድ | ዳታ ብቻ |
| ፋክስ | ተስማሚ | በቅንብር | የለም |
| የት ይገኛል | መዳብ በተዘረጋበት ከተማ | ፋይበር በደረሰበት ሰፈር | ዳታ ባለበት ሁሉ |

## ለማን የትኛው

ክሊኒክ፣ ፋርማሲ፣ የወፍጮና የእህል መጋዘን፣ ቁጥሩ ለዓመታት የታወቀ ሱቅ፦ ጤነኛ መዳብ ካለ ፋይበሩ ከገባም በኋላ አንድ ክረምት ሙሉ አብረው ይቆዩ። ሐምሌና ነሐሴ ፋይበሩ በባትሪው ካለፈ ያን ጊዜ መዳቡን መመለስ ይቻላል። ይህን ምክር አጥብቀን ነው የምንሰጠው፤ በበጋ ተወስኖ በክረምት የሚጸጸት ድርጅት ብዙ ነው።

በደሴ መንገድ ላይ ያለ ሆቴልና ምግብ ቤት ፋይበር ከደረሰው ስልኩንም ዋይፋዩንም በአንድ መስመር ማድረጉ ያዋጣዋል። ባትሪው ግን የገጠማው አካል ሆኖ በጀት ይያዝለት።

ቤት ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ባለገመድ ስልክ ይሻላቸዋል፣ በመዳብም በፋይበርም። ትልልቅ ቁልፍ ያለው፣ ጎረቤትና ልጅ በአንድ ቁልፍ የሚጠሩበት ይሁን። መተግበሪያ ተጨማሪ ይሁን እንጂ ብቸኛ አይሁን።

ገጠር ያለ ቤት፣ መዳብም ፋይበርም ስለማይደርሰው፣ ምርጫው በመደበኛ ሞባይል ጥሪና በመተግበሪያ መካከል ነው። የሁለት ኦፕሬተር ሲም፣ ትንሽ የፀሐይ ቻርጀር፣ እና ለውጭ አገር ዘመድ የተወሰነ የጥሪ ሰዓት ይበቃል። ዳታ የሚገባው ጉብታው ላይ ብቻ ከሆነ ቀጠሮው ጉብታው ላይ ይሁን።

ልጆቹ ውጭ አገር ያሉ የከተማ ቤተሰብ ኢንተርኔቱን ያስገባ፣ የመስመር ስልኩን ቁጥር ያቆይ፣ ዓለም አቀፍ ጥሪውን ሁሉ ወደ መተግበሪያ ያዙር።

ወጪውን ለማነጻጸር የሦስት ወር ደረሰኝ ያውጡ። የመስመሩን ቋሚ ክፍያ፣ የአገር ውስጥ ደቂቃውንና የውጭ ደቂቃውን ለየብቻ ይደምሩ። በሌላ በኩል የኢንተርኔቱን ወርኃዊ ክፍያ፣ የዳታ ጥቅሉን፣ እና የባትሪውን ዋጋ ለ24 ወር ሲካፈል ይጻፉ። የውጭ ደቂቃው ትልቅ ከሆነ መልሱ ወዲያው ይታያል፤ ትንሽ ከሆነ ግን ኢንተርኔቱ ለስልክ ብቻ ተብሎ አይገባም፣ ለሌላም ሥራ መጠቀሚያ ካለ ብቻ ያዋጣል።

## ለመቀየር የወሰነ ሰው

ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው፣ መዛባቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። መጀመሪያ ነባሩ 011 ቁጥር ወደ ፋይበሩ መዛወር ይችል እንደሆነ ከኦፕሬተሩ በጽሑፍ ያረጋግጡ፤ መዳቡን ከመለሱ በኋላ መጠየቅ ዘግይቷል። ቀጥሎ ፋይበሩ ይገጠም፣ የብርሃኑ መጠን ይለካ፣ ባትሪው ይያያዝ። ከዚያ የመብራቱን ቆጣሪ ራስዎ ያጥፉና ስልኩ በባትሪ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ በሰዓት ይያዙ፤ ከሞባይልም ከመስመርም እየደወሉ ይፈትሹት። ፋክስና ማንቂያ ደወል ካለ በዚሁ ቀን ይሞከር።

መዳቡ ከመመለሱ በፊት የሚቀር አንድ ነገር አለ። ዋትስአፕ ቢዝነስ በመስመር ስልክ ቁጥር መመዝገብ ይችላል፣ የማረጋገጫ ኮዱ በድምፅ ጥሪ ይነበባል። ሱቅዎ በ011 ቁጥሩ ተመዝግቦ ከሆነና ቁጥሩን የሚመልሱ ከሆነ፣ አስቀድመው መለያውን ወደ አዲሱ ቁጥር ያዛውሩ። የተመለሰ ቁጥር ሌላ ሰው እጅ ሲገባ ኮዱ የሚነበበው ለእሱ ነው፣ ደንበኞችዎም የሚጽፉት ለእሱ ይሆናል። ቁጥሩን የሚያቆዩ ከሆነም ባለ ስድስት አሃዝ የሁለተኛ ደረጃ ማረጋገጫ ያብሩና አሃዙን ስልኩ ላይ ሳይሆን የሱቁ መዝገብ ውስጥ ይጻፉት።